ኩዊክን ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ስሠራ፦ የአምስት ወር ማስታወሻ ከጣና ዳር

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ሆኜ በዋይፋይ አንድ ትልቅ ፋይል ማውረድ ጀመርኩ። ሳይጨርስ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ይዤ ወጣሁና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፣ ስልኬን ሆትስፖት አደረግኩት። ጣና ዳር ስወርድ ፋይሉ አሁንም እየወረደ ነበር። ግንኙነቱ አልተቋረጠም! በሁለቱም ጫፍ የሚሠራው እኔ የጻፍኩት የከርነል ሞጁል (የሊኑክስ እምብርት በሆነው ከርነል ላይ የሚሰካ ኮድ) ነው። ደስታዬን መግለጽ ይከብደኛል፣ ስለዚህ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ኩዊክን ለማታውቁት ባጭሩ፦ በዩዲፒ (ፓኬት የሚባሉ የመረጃ ቁራጮችን ያለ ዋስትና በሚልከው ቀላል ፕሮቶኮል) ላይ የተሠራ የመረጃ ማጓጓዣ ፕሮቶኮል ነው። የምስጠራ ፕሮቶኮሉ ቲኤልኤስ 1.3 አብሮት የተሰፋ ነው፣ ያለ ምስጠራ ኩዊክ የለም። አርኤፍሲ 9000 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ነው። በተለመደው ማጓጓዣ በቲሲፒ ላይ አንድ ፓኬት ከጠፋ ከኋላው ያለው ሁሉ እሱን ይጠብቃል፤ አሮጌው የዓባይ ድልድይ ላይ አንድ ከባድ መኪና ሲበላሽ የሚሆነውን የባሕር ዳር ልጅ ያውቀዋል። ኩዊክ ላይ ግን በአንድ ግንኙነት ውስጥ ብዙ ስትሪሞች (ራሳቸውን የቻሉ የመረጃ ፍሰቶች) አሉ፣ የአንዱ መጥፋት ሌላውን አያቆምም።

ታዲያ ብዙዎቹ የኩዊክ ኮዶች ከከርነል ውጭ ሆነው ሳለ ለምን ወደ ውስጥ? እንደ ኤንኤፍኤስ እና ኤስኤምቢ ያሉ ፋይል ማጋሪያዎች ሊኑክስ ላይ ከርነል ውስጥ ስለሚኖሩ ነው። እነሱ ኩዊክን ይጠቀሙ ከተባለ፣ እዚያው አጠገባቸው የሆነ ሶኬት (ፕሮግራም መረጃ የሚልክበትና የሚቀበልበት በር) ያስፈልጋቸዋል። ሃንድሼኩን (ሁለቱ ወገኖች መጀመሪያ ላይ ተዋውቀው ቁልፍ የሚስማሙበትን ክፍል) ግን አላስገባሁትም። ሰርተፊኬት የሚፈትሽ ያን ሁሉ ኮድ ከርነል ውስጥ ማየት አልፈልግም። ውጭ ያለ ፕሮግራም ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ቁልፎቹን በሶኬቱ በኩል ለከርነሉ ያስረክባል።

የመጀመሪያውን ወር የበላው ምስጠራው ነው። አርኤፍሲ 9001 መጨረሻው ላይ ናሙና ፓኬቶችን ከነቁልፋቸው አስቀምጧል፣ ከዚያ ጀምሩ፣ ሌላ ቦታ አትድከሙ። እኔን ለአንድ ሳምንት ያቆመኝ የፓኬት ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ከ1 እስከ 4 ባይት ሊሆን ይችላል፣ ርዝመቱም ራሱ ተሸፍኗል። መሸፈኛውን ለማንሳት ደግሞ ከፓኬቱ 16 ባይት ናሙና ይወሰዳል። ከየት? ቁጥሩ ሁልጊዜ 4 ባይት ነው ተብሎ ይቆጠርና ከዚያ በኋላ። እኔ እውነተኛውን ርዝመት ልጠቀም ስታገል ነበር፣ እሱ ግን መሸፈኛው ሳይነሳ አይታወቅም።

ዋናው ትምህርቴ ግን ከፕሮቶኮሉ ጋር አይገናኝም። ከርነል ውስጥ «ይህን መስመር አሁን ማን ነው የሚያስኬደው?» የሚለውን ጥያቄ በየመስመሩ መጠየቅ አለባችሁ። ፓኬት ሲመጣ የእኔ ኮድ የሚጠራው ሶፍትአይአርኪው (ከርነሉ የመጡ ፓኬቶችን በችኮላ የሚያስተናግድበት ሁኔታ) ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ መተኛት፣ ማለትም ሥራ አቁሞ መጠበቅ፣ ክልክል ነው። እኔ ሙቴክስ (ሌላው እስኪለቅ የሚያስጠብቅ ቁልፍ) ይዤ፣ ሜሞሪም በጂኤፍፒ ከርነል (ሜሞሪ እስኪገኝ ሊያስጠብቅ በሚችለው የአጠያየቅ ዓይነት) እየጠየቅኩ ነበር። ሁለቱም ሊያስተኙ ይችላሉ። የሚገርመው ለሦስት ሳምንት ምንም አልሆነም! ጭነቱ ትንሽ ስለነበር ሙቴክሱን የሚሻማ የለም፣ ሜሞሪም ወዲያው ይገኛል። ሃያ ግንኙነት ባንዴ ስከፍት ቨርቹዋል ማሽኑ ደርቆ ቀረ። ከዚያ በአቶሚክ ሁኔታ (እንደ ሶፍትአይአርኪው መተኛት በተከለከለበት) ውስጥ መተኛትን የሚይዘውን የዲበግ ምርጫ አብርቼ ከርነሉን እንደገና ኮምፓይል አደረግኩ፣ መብራት ሁለት ጊዜ ስለጠፋ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። በመጀመሪያው ፓኬት ላይ ስህተቱ ከነመስመር ቁጥሩ ወጣ። ይህን ምርጫ ከመጀመሪያው ቀን አብሩት። ካሳንንም (የሜሞሪ ስህተት የሚይዘውን የከርነል መሣሪያ) አብሩት፤ ሶኬቱ ከተዘጋ በኋላ የሚተኮስ ታይመር የተለቀቀ ሜሞሪ ሲነካብኝ ያሳየኝ እሱ ነው። መድኃኒቱ ታይመሩ የሶኬቱን ሪፈረንስ («ገና እየተጠቀምኩበት ነው» የሚል ምልክት) እንዲይዝ ማድረግ ነበር።

ሙቴክሱን ካወጣሁ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ተጠቃሚው ሶኬቱን ይዞ እያለ ፓኬት ቢደርስስ? እዚህ ላይ የቲሲፒን ኮድ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ፓኬቱን ባክሎግ በሚባል ወረፋ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ተጠቃሚው ሶኬቱን ሲለቅ ወረፋው ይሠራለታል። ቀላል፣ ቆንጆ ነው። እንዳለ ወሰድኩት።

አሁን ወደ ባጃጁ ልመለስ። ቲሲፒ ግንኙነትን የሚያውቀው በሁለቱ አይፒ እና በሁለቱ ፖርት ነው፣ አይፒው ሲቀየር ያበቃል። ኩዊክ የራሱ የግንኙነት መለያ አለው። ስለዚህ ከርነሉ ሶኬት የሚፈልግበት የተለመደው መንገድ አይበቃም፣ በመለያው የሚፈልግ የራሴን ሃሽ ቴብል (ፈጣን መፈለጊያ ሠንጠረዥ) ሠራሁ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ከሃንድሼክ በኋላ የሚመጣው አጭር ሄደር (የፓኬቱ መግቢያ ክፍል) የመለያውን ርዝመት አይናገርም። መለያውን የሰጠው ወገን ርዝመቱን ራሱ ማወቅ አለበት። እኔ 8 ባይት ብዬ ቆረጥኩት።

ሰርቨሩ ፓኬት ከአዲስ አድራሻ ሲመጣለት ወዲያው አያምንም። 8 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፣ ያው ቁጥር ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ከተቀበለው ሦስት እጥፍ በላይ አይልክም። ይህ በደንብ ሠራ። ያልሠራው ፍጥነቱ ነው። ጣና ዳር ከደረስኩ በኋላ ፋይሉ እየተንፏቀቀ ነበር። ቤት ገብቼ ሎጉን ሳየው ምክንያቱ ግልጽ ሆነ፦ ሰርቨሩ የዋይፋዩን የመልስ ጊዜ (ፓኬት ተልኮ መልስ እስኪመጣ የሚፈጀውን) ይዞ ቀርቷል። በሞባይል ኔትወርክ የዘገየውን ፓኬት ሁሉ ጠፋ ብሎ እንደገና ይልከዋል። መንገድ ሲቀየር የመልስ ጊዜ ግምቱም የመጨናነቅ መቆጣጠሪያውም ከዜሮ መጀመር ነበረባቸው፣ አርኤፍሲው ያዛል፣ እኔ ዘልዬዋለሁ።

ኮዱን ትናንት ማታ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ በቨርቹዋል ማሽን ላይ መዘግየት እየጨመርኩ ስፈትነው ደህና ይመስላል። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ያንኑ መንገድ በባጃጅ እደግመዋለሁ። ባሕር ዳር ያላችሁና ዋየርሻርክ (ፓኬቶችን ይዞ የሚያሳይ ፕሮግራም) የምትችሉ ሁለት ሰዎች አብራችሁኝ ብትወጡ፣ አንዳችን ሰርቨሩን አንዳችን ላፕቶፑን እናያለን፣ ከዚያ ጣና ዳር ቀረሶ እጋብዛለሁ።