ጎልድፊሽ ለምን ይጠቁራል?

ዛሬ የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጎልድፊሿ (ቤት ውስጥ የምታሳድጋት ብርቱካናማ ዓሳ) ክንፍ ጫፍ ጠቁሮ አገኘችው። «ጋሼ፣ ልትሞትብኝ ነው!» ብላ እንባዋን ዘረገፈችው። ቀረብ ብዬ አየሁ። ክንፏ ዳር ዳሩን ጠቁሯል፣ ሆዷ ላይም አንድ ጥቁር ምልክት አለ። ግን ትበላለች፣ እንደልቧ ትዋኛለች።

ወገኖቼ፣ የጎልድፊሽ ቀለም መቀየር ሁልጊዜ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሲፈለፈል እኮ ብርቱካናማ አይደለም፤ እንደ ዱር ዘመዶቹ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ነው። አድጎ ጥቁር ቀለም የያዙት ሴሎች ሲጠፉ ነው ብርቱካናማው የሚወጣው። ያንን ብርቱካናማ ደግሞ ዓሳው ራሱ አይሠራውም፤ ካሮትን ካሮት ከሚያስመስለው ካሮቲኖይድ ነው፣ ከምግብ የሚያገኘው። ምግቡ ላይ ይህ ከጎደለ ወይም ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ እየገረጣ ይሄዳል።

እኔን ያሳሰበኝ ጥቁሩ ነው። ውሃው ሳይቀየር ሲቆይ ከኩሱና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ነገር ይጠራቀማል፣ አሞኒያው ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ቁስሉ ሲድን ብዙ ጊዜ ይጠቁራል። ማለትም ጥቁረቱ የመዳን ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ያቆሰለው ነገር ግን እዚያው ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል! ስለዚህ እባካችሁ፣ መድኃኒት ከመጨመራችሁ በፊት ውሃው ውስጥ ያለውን አሞኒያ ለኩ። እኛም ሩብ ያህሉን ቀየርን፤ የቧንቧው ውሃ ላይ መጀመሪያ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምረንበት።

ክንፉ ላይ ቀይ ጭረት ወይም መላ ሰውነቱ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ካያችሁ ግን ብዙውን ጊዜ የበሽታ ምልክት ስለሆነ አትዘግዩ።