27 ደቂቃ ብቻ ነው

የቢሮውን ጉዞ ማስተባበር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ወሩ ነበር። ኃላፊዬ ከአንድ ትንሽ ኤርፖርት ወደ ሌላ ትንሽ ኤርፖርት ለስብሰባ ሊበሩ ነው። «በረራው ምን ያህል ይፈጃል?» አሉኝ። ርቀቱን ፈለግኩ፤ 227 ይላል። አውሮፕላኗ ባለ ፕሮፔለር ኤቲአር 72 ናት፤ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ካልኩሌተር መታሁ።

«27 ደቂቃ ብቻ ነው» አልኳቸው፣ በሙሉ ልብ።

3 ሰዓት ይነሳሉ፣ 3፡27 ያርፋሉ፣ 4 ሰዓት ስብሰባ። ለተሰብሳቢዎቹ አንድ በአንድ ደወልኩ። ትኬቱ ሲመጣ የመነሻውን ሰዓት ብቻ አይቼ አስተላለፍኩት። ከጎኑ መድረሻው 4፡15 የሚል ነበር። ዓይኔ እንዴት እንደዘለለው እንጃ።

4፡05 ላይ ስልኬ ጮኸ። «ሰው ሁሉ ተቀምጧል፤ እሳቸው የት ደረሱ?» የት ይደርሳሉ፣ አየር ላይ ናቸዋ! ላብ በላብ ሆንኩ።

ድሮ በረራ ዝግጅት ላይ የሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባልደረባ አሉን። ወረቀቴን ተቀበሉኝ።

«ይቺ 227 የምን ናት?»

«የኪሎ ሜትር ናት፣ ጋሼ።»

«እስቲ ከጎኗ ያለውን አንብብልኝ።»

ኖቲካል ማይል ይላል። አንዱ 1,852 ሜትር ነው። መንገዱ ለካ 420 ኪሎ ሜትር ኖሯል!

እኔ ግን ዝም አልልም። «ቢሆንስ 50 ደቂቃ ነው፤ ትኬቱ ላይ ያለው 75 ደቂቃ ከየት መጣ?» አልኩ። ጋሼ ሳቁና ወረቀቱን ገለበጡት። በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ አድርገው በቀጭን መስመር አገናኙ። «ይሄ ያንተ ነው።» ከዚያ በአንደኛው ነጥብ ላይ አጭር መስመር አገደሙ፤ ማኮብኮቢያው ነው። አውሮፕላን ንፋስን ፊት ለፊት ይዞ ስለሚነሳ፣ መድረሻው ከኋላው ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ወዲያ ሄዶ ነው የሚዞረው። ሲያርፍም እንዲሁ። እስክሪብቷ ዞራ ዞራ ስትጨርስ ቀጥታው መስመሬ ጥምጥም መስሏል።

ፍጥነቱም ቢሆን 500 የሚሞላው ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ሲወጣና ለማረፍ ሲቀርብ ይቀንሳል፤ አጭር በረራ ደግሞ አብዛኛው መውጣትና መውረድ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ከፊት ሲሆንና ከኋላ ሲገፋ፣ በዚችው መንገድ ላይ የአሥር ደቂቃ ልዩነት ያመጣል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ ደግሞ ከቆመበት ተነቃንቆ፣ ደርሶ እስኪቆም ያለው ነው። መሬት ላይ የሚንፏቀቅበትም ይቆጠራል። ሻንጣ መጠበቁና ታክሲው ከዚያ ውጭ ናቸው።

ኃላፊዬ ሲመለሱ አልተቆጡም። እሱ ነው የከፋው። አሁን ቢሮ ውስጥ ሰው ረፈድፈድ አድርጎ ሲገባ፣ ቀና ብለው ወደኔ እያዩ «27 ደቂቃ ብቻ ነው» ይላሉ።