መልሱ በሌላ በር ሲወጣ

ቢሮአችን ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ያስገባ ሰሞን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንዱ በተቆረጠ ቁጥር ከሐዋሳ ቅርንጫፍ እየተደወለ "ሲስተም የለም እንዴ?" መባል ቀረልኝ ብዬ። ቅዳሜ ከሰዓት ሊነክስ ሰርቨራችን ላይ ሁለተኛ ኔትወርክ ካርድ ሰካሁ። አዲሱን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ሰጠሁት፤ ጌትዌዩን፣ ማለትም የመስመሩን መውጫ በር፣ "አለህ ወይ?" ብዬ ፒንግ አደረግኩ። ይመልሳል። ሻይ አዘዝኩ።

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የሐዋሳዋ ገንዘብ ያዥ ደወለች። "በድሮው አድራሻ እንገባለን፤ በአዲሱ ግን ዝም ብሎ ይሽከረከራል።" በስልኬ ዳታ ሞከርኩት፤ እውነቷን ነው። እንደ ልማዴ ጥፋቱን የኢንተርኔት አቅራቢው ላይ ለጠፍኩና ሦስት ጊዜ ደወልኩላቸው። በሦስተኛው አንድ ትዕግሥተኛ ቴክኒሻን "ወንድሜ፣ በቲሲፒደምፕ አይተኸዋል?" አለኝ። በካርዱ የሚገባና የሚወጣውን ፓኬት (ቁራጭ መልእክት) አንድ በአንድ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። አላየሁትም።

ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ አንድ የቲሲፒደምፕ መስኮት ከፈትኩና "እስቲ አሁን ሞክሪ" አልኳት። በአዲሱ ካርድ ሲን፣ ማለትም ግንኙነት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ፓኬት፣ ገባ። የሰርቨሩን መልስ፣ ሲን-አኩን፣ እዚያው ስጠብቅ በጎን ባለው መስኮት ብቅ አለ! በአሮጌው መስመር እየወጣ ነው። ለካ ሰርቨሩ መልስ ሲልክ ጥያቄው በየት እንደገባ አይጨነቅም፤ የሚያየው ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ነው። ዲፎልት ሩቱ (ሌላ ካልታዘዘ የሚወጣበት መንገድ) ደግሞ አሮጌው መስመር ነው። የአዲሱን መስመር አይፒ እንደ ላኪ የያዘ ፓኬት በዚያ ሲወጣ የአሮጌው መስመር አቅራቢ "ይህ የእኔ አድራሻ አይደለም" ብሎ ይጥለዋል። በሐሰተኛ አድራሻ የሚላክን ነገር ለመከላከል የተለመደ ማጣሪያ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

መፍትሔው ሁለት ትዕዛዝ ሆኖ አረፈው። ለአዲሱ መስመር የራሱ የሩቲንግ (የመንገድ መምረጫ) ሰንጠረዥ ከፈትኩ፤ ቁጥሩን 200 አልኩትና የአዲሱን ጌትዌይ ዲፎልት አደረግኩበት። ቀጥሎ በአይፒ ሩል (የትኛው ፓኬት የትኛውን ሰንጠረዥ እንደሚያይ በሚወስነው ትዕዛዝ)፣ ላኪው አዲሱ አይፒ የሆነ ፓኬት ሁሉ መንገዱን ከሰንጠረዥ 200 እንዲፈልግ አዘዝኩ። ሐዋሳ ገባች። (አርፒ ፊልተር፣ ማለትም የገባ ፓኬት መመለሻ መንገዱን የሚፈትሸው የሊነክስ ማጣሪያ፣ ጥብቁ 1 ላይ ቢሆን ኖሮ ከዚህም ይብስ ነበር። ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) ሲኑን ገና ከመግባቱ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚጥለው መልስ የሚባል ነገር በየትኛውም መስኮት አላይም። የእኛ ላላ ያለው 2 ላይ ነበር።)

ሰኞ ጠዋት መብራት ሄደ። ዩፒኤሱም ብዙ አልታገሠም። ሰርቨሩ ተነሥቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ፤ ሐዋሳ። "ያ የቅዳሜው ነገር ተመልሷል መሰለኝ።"

ትዕዛዞቹን በእጄ መትቼ ነበር እንጂ ሰርቨሩ ሲነሣ የኔትወርክ ቅንብሩን የሚያነብበት ኔትፕላን ፋይል ውስጥ አልጻፍኳቸውም። ሰርቨሩ ሲዘጋ አብረው ጠፉ።

በዚህኛው እንኳ አቅራቢው ጋ አልደወልኩም።