60 ቀን ተብሎ ነበር

ዛሬ እዚህ ዶሃ አብራኝ የምትሠራ ኔፓላዊት እህት ስለ አባቷ አጫወተችኝ። የምዕራብ ኔፓሏ የባርዲያ አውራጃ ልጅ ናት፣ ከታሩ ሕዝብ። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ማታ መጥተው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ።

የኔፓል ጦርነት ከ1996 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ቆይቶ ከ13,000 በላይ ሰው ጨርሷል፤ ከ1,300 በላይ ደግሞ የገቡበት አልታወቀም። ሰላሙ ሲፈረም መንግሥትና ሲወጉት የነበሩት ማኦይስት አማፂያን የጠፉትን ዕጣ በ60 ቀን ውስጥ ይፋ ሊያደርጉ ቃል ገብተው ነበር። አጣሪ ኮሚሽኑ እንኳ የተቋቋመው በ2015 ነው! ኮሚሽኑ የሚሠራበት ሕግ የተሻሻለው ደግሞ በ2024።

ንጉሡ ወርዷል፣ አዲስ ሕገ መንግሥት ጸድቋል፤ ይህን አላቃልልም። ግን ወጣቱ ዛሬም ወደ ባሕረ ሰላጤው ይጎርፋል፤ እንደ እሷ ያሉ ሠራተኞች የሚልኩት ገንዘብ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ሩብ ያህል ነው።

እናቷ መርዶ አልተነገራትም። ባሏ ሞቷል እንዳትል ማስረጃ የላትም፤ አለ እንዳትል ስንት ዓመት! መሬቱም በእሱ ስም ስለሆነ ለማዛወር ብዙ ተንከራታለች። እኛም አገር መርዶ ያልገባበት ቤት ምን እንደሚመስል የምናውቅ እናውቀዋለን።

የእርዳታ ገንዘብ ተሰጥቷቸዋል። እሷ የምትጠይቀው ግን ማን ወሰደው፣ የት ቀበሩት የሚለውን ነው። የካትማንዱ መንግሥት ይህን መልስ ለእናትየዋ በሕይወት እያለች ሊሰጣት ይገባል።