ሦስት ስፒን እና አንድ ላፕቶፕ

ባህር ዳር ተቀምጦ ክሪስታልን በኒውትሮን መመርመር አይቻልም። የስፒን ፈሳሽን፣ ማለትም ጥቃቅኖቹ የአቶም ማግኔቶች (ስፒኖች) እጅግ ቢቀዘቅዙም የማይሰለፉበትን የቁስ ሁኔታ፣ ለመረዳት ግን ላፕቶፕና ትዕግሥት ብዙ ርቀት ይወስዳሉ፤ ፔዳ ግቢ ላሉ የፊዚክስ ተማሪዎች ደጋግሜ የምለው ይህንኑ ነው።

በሦስት ስፒኖች ጀምሩ፤ ሦስት ማዕዘን ላይ አስቀምጧቸው። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በተቃራኒ መቆም ይፈልጋል፤ ሁለቱ ሲስማሙ ሦስተኛው መግቢያ ያጣል። የጉድኝቱን ጥንካሬ ጄ ብንለው፣ 8 በ8 የሆነው የኢነርጂ ማትሪክስ (ሦስት ስፒን 8 ሁኔታ አለውና) አራት ሁኔታ -0.75 ጄ ላይ፣ አራት ደግሞ +0.75 ጄ ላይ መስጠት አለበት። ካልሰጠ መጀመሪያ በፕሮግራማችሁ ስፒን የሚገለብጠውን ክፍል እዩ፤ በ½ ማባዛት እዚያ ይረሳል።

ቀጥሎ ካጎሜ፦ ጫፍ ለጫፍ የተያያዙ ሦስት ማዕዘኖች። 12 ስፒን 4096 ሁኔታ አለው፤ ላይና ታች የሚያዩት እኩል የሆኑበትን ብቻ ብትይዙ 924 ይቀራል። ዳርና ዳሩን ስታገናኙ አንድ ጉድኝት ይዘለላል ወይም ሁለቴ ይገባል። ብዛታቸው 24፣ ትልቁ ኢነርጂ ደግሞ 6 ጄ ካልሆነ አትቀጥሉ።

24 ስፒን ላይ ሁኔታዎቹ 2,704,156 ይደርሳሉ። ሙሉው ማትሪክስ 58 ቴራባይት ገደማ ይፈልጋል፤ አንድ ቬክተር ግን 22 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ሙሉውን ማትሪክስ ሳያከማች ቬክተር በቬክተር እየሄደ ዝቅተኛ ኢነርጂዎችን የሚያወጣው የላንጾስ ዘዴ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መብራት ይጠፋልና የመጨረሻዎቹን ሁለት ቬክተሮች እስካሁን ከተገኙት ቁጥሮች ጋር በየጊዜው ዲስክ ላይ ጻፉ። ዙሩ ሲበዛ አንድ ኢነርጂ እየተደገመ ቢመጣ አትመኑት፤ በቁጥር ማጠጋጋት የተነሳ ቬክተሮቹ ቀጤ ነክነታቸውን አጥተው ነው።

ልፋቱ ለስፒኖን ሲባል ነው። ተራ ማግኔት ውስጥ አንድ ስፒን ሲገለበጥ ስፒን 1 ያለው፣ ማግኖን የሚባል ሞገድ ይወጣል። በስፒን ፈሳሽ ውስጥ ግን ያው መገለበጥ ለሁለት ስፒኖን ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ስፒን ½ ይዞ በየፊናው ይሄዳል። የተሰነጠቀ አቶም የለም፤ ቅንጣቱን የወለደው የሁሉም ኅብረት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

በዕውኑ ዓለም ኸርበርትስሚታይት የሚባል፣ መዳቦቹ በካጎሜ ቅርጽ የተደረደሩበት ማዕድን አለ። የመዳብ ስፒኖቹ እስከ 50 ሚሊኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ ጥቂት ከፍ እስካለ ቅዝቃዜ) ድረስ አልተሰለፉም። ሆኖም ዚንክ ቦታ ላይ የሚገባ ትርፍ መዳብ የዝቅተኛ ኢነርጂውን ምልክት ስለሚያደበዝዝ፣ አለመሰለፉን ብቻ አይቶ መፍረድ ያስቸግራል። በስሌትም እንዲሁ ነው፦ ትንሽ ናሙና በዝቅተኛው ኢነርጂና በቀጣዩ መካከል ሁሌም ክፍተት ያሳያል። የ12ን፣ የ18ን እና የ24ን ውጤት ጎን ለጎን ሳታስቀምጡ ስለ ክፍተቱ ምንም አትጻፉ።