ክዳን፣ ስትሮውና ፊኛ፦ ከልጆቼ ጋር ቤት ውስጥ ስንሠራና ስናበላሽ

ልጆቼን ቤት ነው የማስተምረው። ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 6። ሒሳቡም ንባቡም እንደምንም መስመር ይዞ ነበር። እኔን ያስቸገረኝ "የፈጠራ ሰዓት" ብዬ የሰየምኩት ነገር ነው። ማታ ቁጭ ብዬ ካርቶኑን በልክ እቆርጣለሁ፣ ቀዳዳውን እበሳለሁ፣ ኮላውን አዘጋጃለሁ። ጠዋት ልጆቹ በ10 ደቂቃ ገጣጥመውት "ጨረስን፣ እንውጣ?" ይላሉ። ምን ያድርጉ! ሥራውን እኮ እኔ ማታውን ጨርሼዋለሁ።

ተውኩት። በምትኩ አንድ ትልቅ ካርቶን ጥግ ላይ አስቀመጥኩና የሚጣል ነገር ሁሉ እዚያ ይግባ አልን፦ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክዳን፣ ስትሮው፣ ላስቲክ፣ ያለቀ እስክሪብቶ፣ ከተሰበረ መጫወቻ የወጣ ሞተር። እኔ የጨመርኩት ፕላስተርና መቀስ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ለእኔ ነበር የመጣው፣ ያውም በሁለተኛው ሳምንት። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከአግራፍና ከፎይል ቁርጥራጭ ጋር አንድ ላይ ጥዬው ኖሯል። የዚህ ባትሪ ሁለት ጫፎች ጎን ለጎን ስለሆኑ አንዲት ብረት ካገናኘቻቸው አለቀ። ትንሿ "እማዬ፣ እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር ያቃጥላል" ስትለኝ አላመንኳትም። እጄን ሰድጄ ነካሁት፣ ለበለበኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባትሪ ሁሉ ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ ለብቻው፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል። ሳንቲም የምትመስለዋ ባትሪማ ቤታችን ለጨዋታ አትወጣም። ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ዕቃም ቢበላሽ ፍቱት ብዬ አልሰጥም፤ ገመዱ ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ የሚቆይ አለ፣ ማይክሮዌቭ ዋናው ነው።

ትልቁ ልጄ ከዚያ ካርቶን ዕቃ ወደ ሠራው መጫወቻ መኪና ልምጣ። አካሉ ጠርሙስ ነው፣ ጎማው አራት ክዳን፣ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ ደግሞ በስትሮው ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን እንጨት። ፊኛ ሌላ ስትሮው ጫፍ ላይ ታስሮ ይነፋና ይለቀቃል። አየሩ ወደ ኋላ ሲወጣ መኪናው ወደፊት ይገፋል።

የመጀመሪያው ፍንክች አላለም። ለካ ኮላው ስትሮው ውስጥ ገብቶ ዘንጉን አጣብቆታል። ሁለተኛው ሄደ፣ ግን እያነከሰ፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ብሎ አንድ ክንድ ያህል ተጉዞ ቆመ። እኔ ገና ሳየው ገብቶኛል። የኋላው ቀኝ ክዳን ቀዳዳው መሃል ላይ አይደለም። እጄን በላኝ። ድሮ ቢሆን "አምጣው እስቲ" ብዬ አስተካክዬለት ነበር። ሁለቱንም እጄን ኪሴ ከተትኩ።

እሱ የጠረጠረው ፊኛውን ነው። ትልቅ ፊኛ ቀየረ፣ ይባስ ብሎ ተገለበጠ። ቀጥሎ ክብደቱ ነው ብሎ ጠርሙሱን አሳጠረው። እንዲህ እንዲህ እያለ 20 ደቂቃ ሄደ፣ ለእኔ ዓመት ነው የመሰለኝ። በመጨረሻ በሆዱ ተኝቶ ጉንጩን ወለሉ ላይ ለጠፈና እህቱን "ቀስ አርገሽ ግፊው" አላት።

"ይቺ ጎማ ትዘላለች!"

"መሃሉ የት እንደሆነ በምን አወቅህ ስትበሳት?" አልኩት። በግምት ነበር። ማስመሪያ አመጣ፣ ክዳኑ ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረው። ያኔ አንድ ነገር ብቻ ነገርኩት፦ ክዳኑን ወረቀት ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በእርሳስ አስምር፣ ክቡን ቁረጠው፣ ለሁለት እጠፈው፣ ደግሞ በሌላ በኩል ለሁለት እጠፈው። ሲዘረጋው ሁለቱ እጥፋቶች የተገናኙበት ነጥብ መሃሉ ነው። መብሳቱ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ሚስማር በፒንሳ ይዤ አግዬ። ስለ ዲያሜትር ከዚያ በፊት ሁለቴ አስተምሬዋለሁ፣ ሁለቴም እያዛጋ ነው ያለፈው።

አንድ ሕግ ከዚህ ወጣ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው። ፊኛውንም ጎማውንም አብረህ ከቀየርክ የቱ እንዳስተካከለው አታውቅም። ይህ ሕግ ሚስማር ማግኔት ስናደርግ ጠቀመን። ከአሮጌ ሞተር የፈታነውን የመዳብ ሽቦ ሚስማር ላይ ጠምጥመን ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ላይ አገናኘነው፣ ምንም የለም። ሽቦውን ከማየታችን በፊት ባትሪውን ቀየርን፣ አሁንም ምንም። ያ ሽቦ ባዶ ይመስላል እንጂ ስስ ቀለም የመሰለ መከለያ አለው። ሁለቱን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ስናገናኘው አግራፍ አነሳ። በ20 ዙር 3፣ በ40 ዙር 7። ሽቦው ቶሎ ስለሚግል ከጥቂት ሰከንድ በላይ አናቆየውም። ትንሿን የገረማት ግን ሌላ ነው፤ ባትሪው ተነቅሎም አንዲት አግራፍ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ሁሌ እንዲህ አይሰምርም። ፕላስተር ጨርሰው ምንም ሳይሠሩ የሚነሱበት ቀን ብዙ ነው። እኔም ቤቱን ለማጽዳት ስል በጅምር ያለ ነገር አንስቼ ጥዬ አልቅሰውብኛል። አሁን አንድ መደርደሪያ ለጅምር ሥራ ለቅቄያለሁ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከዚያ ምንም አይጣልም።

መኪናው እዚያ ነው ያለው። አሁን አያነክስም፣ ግን ወደ ግራ ይጠመዝዛል። ሁለቱ ዘንጎች ትይዩ ስላልሆኑ ይመስለኛል። ልጁ ግን ፊኛው ጠሞ ነው ብሎ ድርቅ ብሏል፣ ነገ ሊያሳየኝ ነው።