እናቴ በዚያ ሰዓት ደውላ አታውቅም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ጃንጥላው ባለፈው ኅዳር 27 ደሴ መድኃኔዓለም ገብቷል። እናቴ የተሳለችው ግን ጃንጥላ ብቻ አልነበረም። «ልጄን ካተረፍክልኝ በአደባባይ ትመሰክራለች» ብላለች። እዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ ለተቀመጡ እናቶች ተናግሬያለሁ። ይበልጥ መስማት ያለባቸው ግን ለትምህርት ወደ ውጭ ሊሄዱ ሻንጣ እያዘጋጁ ያሉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ በጽሑፍም ላድርሰው።

ለማስተርስ ወደ ጀርመን የሄድኩት በ2015 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። የሽኝቴ ቀን ቤታችን በሰው ሞልቶ ነበር። ሁሉም የየራሱን ምክር ይሰጠኛል። «ማታ ብቻሽን እንዳትወጪ።» «ፓስፖርትሽን ለማንም እንዳትሰጪ።» «ቤቱን በዓይንሽ ሳታዪ ቀብድ እንዳትልኪ።» ይህ የመጨረሻው እውነት ነው፤ ስንት ተማሪ በኢንተርኔት ባየው የኪራይ ቤት ገንዘቡን ተበልቷል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ወደ ላይ አንጋጠጠች። «መድኃኔዓለም ሆይ፣ ከማታውቀው ሰው፣ ከማታውቀው አገር ክፉ ጠብቅልኝ» አለች።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ቡናው ላይ ዱዓ አደረጉልኝ። ሁላችንም «አሚን» አልን፣ እናቴም ጭምር። ወሎ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የከሰል ምድጃ አወጡ። «አገርሽ ሲናፍቅሽ ቡና አፍይባት» አሉኝ። ልብሴን ቀንሼ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኳት።

የተመደበልኝ ዩኒቨርሲቲ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ነው። ብርዱን አልፈራሁትም። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ጦሳ ሥር በጉም ውስጥ ነው ያደግኩት። የከበደኝ ጨለማውና ዝምታው ነበር። ኅዳር ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲል ይጨልማል። የተማሪዎች መኖሪያው ኮሪደር ላይ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ሰው ሰላም ይልህና ገብቶ ይዘጋል። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ኑሯቸው እንደዚያ ነው። እኔ ግን ሳልጠራ የሚመጣ ሰው ናፈቀኝ። «ቡና ደርሷል» የሚል ድምፅ ናፈቀኝ።

አጠገቤ የምትኖር አንዲት ጀርመናዊት ተማሪ ነበረች። በተገናኘን ቁጥር «መስኮትሽን ክፈቺ» ትለኛለች። ጀርመኖች ለዚህ ነገር ስም አላቸው፤ ሽቶስሉፍተን ይሉታል። በክረምትም ቢሆን መስኮቱን ለጥቂት ደቂቃ ወለል አድርጎ ከፍቶ የቤቱን አየር መቀየር ነው። ክፍሌ ድረስ መጥታ እጀታው እንዴት እንደሚሠራ አሳይታኛለች። ወደ ታች ሲሆን ዝግ ነው፣ ወደ ጎን ሲዞር ይከፈታል፣ ወደ ላይ ሲሆን ከላይ ብቻ ገርበብ ይላል። እሺ እላታለሁ፣ ግን አልከፍትም። በዚያ ብርድ ሙቀት ማስወጣት እብደት መሰለኝ። መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው፣ ዙሪያውን ጎማ አለው። ሲዘጋ የመንገዱ ድምፅ እንኳ ይጠፋል። እኛ ቤት በበሩ ሥርና በቆርቆሮው መገጣጠሚያ ንፋስ ይገባል። ያ ክፍል ግን ምንም ነገር አያስገባም፣ አያስወጣምም።

ኅዳር 27 በእነሱ ዲሴምበር 6 ነው፣ የቅዱስ ኒኮላስ ቀን። ልጆች ማታ ጫማቸውን በር ላይ ያኖራሉ፣ ጠዋት ጣፋጭ ያገኙበታል። እኔም በዚያ ጠዋት ጫማዬ ውስጥ ቸኮሌት አገኘሁ። ያቺው ጎረቤቴ ናት ያስቀመጠችልኝ። የነቢያት ጾም ስለሆነ አልበላሁትም፣ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩት።

ማታ አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ መጣች። እዚያው የምትማር ጓደኛዬ ናት። «ዛሬ እንደ አገራችን እናፍላ» ተባባልን። ለጥብስ የሚሸጠውን ከሰል ከሱፐርማርኬት ገዝቼ ነበር። በረንዳ ላይ አቀጣጠልኩት፣ ጭሱ እስኪያልቅ እዚያው አቆየሁት። ፍሙ ደህና አድርጎ ሲቀላ ወደ ውስጥ አስገባሁትና የበረንዳውን በር ዘጋሁ። ጭስ የሌለው ፍም አይጎዳም የሚል እምነት ነበረኝ። ኮርኒሱ ላይ የጭስ ጠቋሚም አለ። እሱ ካልጮኸ ምንም የለም ብዬ ልቤን ጣልኩበት።

አቦሉ ወረደ። «ጀባ» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፣ ትንሽም አለቀስን። ቶናው ላይ ራሴን ፈለጠኝ። ከቆሎ በቀር የበላሁት ስላልነበረ ከጾሙ ነው አልኩ። እሷን ደግሞ አቅለሸለሻትና አልጋዬ ላይ ጋደም አለች። በረካውን አልጠጣነውም። ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔ መክደን ጀመረ። ምንም አላስጨነቀኝም። ደስ የሚል እንቅልፍ ነበር የመሰለኝ።

ስልኩ ጠራ። ተውኩት። ቆመና እንደገና ጠራ። ኢሞ ላይ እናቴ ናት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ደሴ ደግሞ አምስት ሰዓት ተኩል። እናቴ በጊዜ የምትተኛ ሰው ናት፣ በዚያ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ራሷ መደወልም አትችልበትም፣ ታናሽ ወንድሜ ነው የሚያገናኛት።

«ምን ሆነሻል? አፍሽ ለምን ይተሳሰራል?» አለችኝ።

«ደክሞኝ ነው። ቡና እያፈላን ነበር።»

«በምን?»

«በእማማ ምድጃ።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው። «ከሰል! በር ክፈቺ! ውጪ! ተነሺ ልጄ፣ በመድኃኔዓለም ተነሺ!»

ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ እንሰማለን። እኔም ስሰማ ነው ያደግኩት። ግን ያ የሰው ወሬ ነበር።

ለመነሳት ስል እግሬ ከዳኝ። በጉልበቴ ዳኽኩ። መስኮቱ ከእኔ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው፣ አልደርስ አለኝ። እጀታውን ያዝኩት፣ ወዴት እንደሚዞር ጠፋኝ። ወደ ላይ ገፋሁት፣ አልሆነም። እናቴ መሬት ላይ ከወደቀው ስልክ ውስጥ ትጮኻለች። የጎረቤቴ እጅ ትዝ አለኝ፣ ወደ ጎን ስታዞረው። አዞርኩት። መስኮቱ ወደ ውስጥ ሲከፈት ቸኮሌቱን ጠርጎ ወለሉ ላይ ጣለው። ብርዱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ያንን ብርድ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ጓደኛዬን ብጎትታት አልተነሳችም። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ የጎረቤቴን በር በጡጫ ደበደብኩ። በባዶ እግሯ ወጣች። እኔን አይታ፣ ክፍሉን አይታ አልጠየቀችም። ጓደኛዬን በብብቷ ይዛ ጎትታ አወጣቻት፣ 112 ደወለች። ይህ ቁጥር በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ አንድ ነው፣ ያዙት። የመጡት ሰዎች ቦርሳቸው ላይ ያንጠለጠሉት ትንሽ መሣሪያ በሩ ላይ ሲደርሱ መጮህ ጀመረ። የኮርኒሱ ጠቋሚ ግን እስከ መጨረሻው ድምፅ አላሰማም።

ነገሩን ሆስፒታል ውስጥ ነው የተረዳሁት። የጭስ ጠቋሚ የሚያየው ጭስ ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ቦታ ይወስዳል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ጣቴ ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ እንኳ ጤነኛ ናት ሊል እንደሚችል ነገሩኝ፤ የሚለየው የደም ምርመራ ነው። ሌሊቱን በኦክስጅን ጭምብል አደርኩ። ጓደኛዬ ከእኔ በላይ ተጎድታ ስለነበር ቀናት ቆየች። ዛሬ ድና ሥራ ላይ ናት፣ ስሙ ይመስገን። ሐኪሙ ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ አትነሱም ነበር አለኝ።

በማግስቱ እናቴን ለምን ደወልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ተኝታ ነበር። «እማ» ብዬ የጠራኋት መስሏት ነቃች። ተነስታ በሩን ከፍታ አየች። ማንም የለም። መድኃኔዓለም ቀኑ ነው ብላ ተንበርክካ ጸለየች፣ ልቧ ግን አላርፍ አላት። ወንድሜን ቀስቅሳ አስደወለችው። ጃንጥላውን የተሳለችው ስልኩን እንደያዘች፣ እኔ መልስ መስጠት ካቆምኩ በኋላ ነው። አጋጣሚ ነው ያሉኝ ሰዎች አሉ። አልከራከራቸውም። እኔ ግን በዚያ ሰዓት አልጠራኋትም። አፌ እንኳ አይታዘዝልኝም ነበር። የጠራት እርሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቡናዬን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፈላለሁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ለብቻው ይሸጣል፣ ገዝቼ ሰቅያለሁ። ሻንጣ የምታዘጋጁ ልጆች፣ ጀበናውን ያዙ፣ ስኒውን ያዙ፣ የከሰል ምድጃውን ግን ተዉት። መስኮት ከፍቼ አፈላበታለሁ እንዳትሉ፤ በዝግ ቤት ውስጥ ፍም አይገባም፣ አለቀ። ከሰል፣ ጋዝ ወይም ማሞቂያ ባለበት ቤት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ቀድማችሁ ውጡ፣ ስልኩን ውጭ ሆናችሁ ደውሉ። ጎረቤትም ይኑራችሁ። በሩ ዝግ ቢሆንም አንኳኩና ስሙን እወቁ። እኔን ከሞት ያወጣኝ የእናቴ ጩኸትና ያቺ ስትነዘንዘኝ የኖረች ልጅ ናቸው፣ ሁለቱንም የላከው አንድ ነው።

ለእማማ ሳልነግራቸው ሦስት ዓመት ቆየሁ። ምድጃዋ የእሳቸው ስጦታ ስለሆነች ልባቸው እንዳይሰበር ፈራሁ። ስለቱ የገባ ዕለት ከሰዓት እሳቸው ቤት ቡና ተፈላ፣ እናቴም ነበረች። ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ስኒውን አስቀመጡት። ብዙ ዝም አሉና እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ በር ክፈቺ ማለት በምን ትዝ ይለኛል? እኛ ጋ ቡና ተፈልቶ በር ተዘግቶ ያውቃል?» አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁ። በሩ እንደ ወትሮው ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንዲት ጎረቤት ሳትጠራ እየገባች ነበር።

እማማ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሲጨርሱ እናቴ ቀጠለች። ጸሎቷን ቀይራዋለች። «ከምታውቀውም ከማታውቀውም ጠብቅልኝ» አለች።

አሚን አልን። አሜን አልን።